በሶብላ፣ የፓሊዮ አመጋገብና ዋርፋሪን

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ሲሆን የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከ8 ዓመት በፊት በብረት የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ከዚያ ወዲህ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። ክብደት ለመቀነስ ብዬ ከ2 ወር በፊት ፓሊዮ የሚባለውን (እህል፣ ጥራጥሬና ወተት ትቶ ሥጋና አትክልት ላይ የሚያተኩር) አመጋገብ ጀመርኩና እንጀራ፣ ሽሮና ወተት ተውኩ። በሶብላ ለጤና በጣም ጠቃሚ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ እርጥቡን ከወይራ ዘይትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭቼ ከሥጋ ጋር እበላለሁ፤ እናቴ የላከችልኝን ደረቁን ደግሞ እንደ ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አይኤንአሬ (ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከ2.9 ወደ 1.9 ወርዶ ተገኘ። በሶብላው ይሆን? ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ፤ ይህን መልስ አንብበው ከመጨረስዎ በፊትም ቢሆን ዋርፋሪን ወደሚከታተልልዎት ክሊኒክ ደውለው ከ2 ወር በፊት አመጋገብዎን እንደቀየሩ ይንገሯቸው። በግራ በኩል ያለው የልብ በር (ሚትራል) በብረት ቫልቭ ለተተካለት ሰው አይኤንአሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል፤ 1.9 ላይ ሲወርድ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። አፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ ወይም የንግግር መያዝ ከታየብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ 911 ይደውሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት በቫይታሚን ኬ ተጠቅሞ የሚያዘጋጃቸውን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች በመቀነስ ነው፤ ስለዚህ በምግብ የሚገባው ቫይታሚን ኬ ሲጨምር የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፣ አይኤንአሩም ይወርዳል። እርጥብ በሶብላ በ100 ግራም ወደ 415 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይዟል፤ ለአዋቂ ሴት በቀን በቂ የሚባለው ደግሞ 90 ማይክሮግራም ነው። ቲማቲም ሰላጣ ላይ የሚበተኑ አምስት ቅጠሎች የሚሰጡት 10 ማይክሮግራም ያህል በመሆኑ ምንም አያሳስብም። ነገር ግን አንድ እስር በሶብላ ተፈጭቶ በሥጋ ላይ ሲደረግ 50 ግራም ያህል ሊሆን ስለሚችል በአንድ ማዕድ ከ200 ማይክሮግራም በላይ ይገባል። የሚጠጡት ሻይ ግን ጥፋተኛ አይመስለኝም፤ ቫይታሚን ኬ የሚሟሟው በስብ እንጂ በውኃ ስላልሆነ፣ ቅጠሉን አጥልለው እስከጣሉት ድረስ ወደ ሰውነትዎ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው።

በደብዳቤዎ ያልገለጹት አንድ ነገር ግን አለ፤ እንጀራና ሽሮ ሲወጡ በምን ተተኩ? ፓሊዮ የጀመሩ ሰዎች የሚያዘወትሩት ጎመንና ስፒናች ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጎመናችን የምንጠቀምበት ኮላርድ፣ ተቀቅሎ ግማሽ ስኒ ብቻ ቢበላ 380 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ ይሰጣል። ስለዚህ ጎመን በየቀኑ መብላት ጀምረው ከሆነ፣ የወቀሳው ትልቅ ድርሻ የጎመኑ እንጂ የበሶብላው አይደለም። ላለፉት 2 ሳምንታት የበሉትን አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ በመጠኑ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ልተወው ወይ ላሉት፣ በድንገት አይተዉት። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚጎዳ ነው፤ ክሊኒኩ አይኤንአሩ ወርዷል ብሎ መድኃኒቱን ከጨመረልዎ በኋላ እርስዎ ቅጠሉን ቢያቆሙ፣ ቁጥሩ ከልክ በላይ ወጥቶ የድድ ደም፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ከሁሉ የከፋው የአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል መብላት አይከለከልም፤ የሚፈለገው ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ መጠን መብላቱ ነው። የተፈጨውን በሶብላ መቀጠል ከፈለጉ፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብለው ይወስኑና ለሐኪምዎ ያሳውቁ፤ መጠኑም በዚያው መሠረት ይስተካከልልዎታል።

በሶብላ ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም በተመለከተ፣ በወጥ ቤት መጠን ጥሩ ቅመም ነው፤ ጨውና ስኳር ሳይበዛ ምግብን ያጣፍጣል፣ እኔም የማከብረው ለዚህ ነው። እናትዎ የላኩት ደረቁ በሶብላ ከነአበባው የታሰረ ሲሆን፣ በመዳፍ ሲታሽ የሚወጣው የቅርንፉድ ዓይነት ሽታ በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጠው ለስላሳ ቅጠል ይለያል፤ ሁለቱ ግን የአንድ ተክል ዝርያዎች ናቸው። ዳማከሴ ግን ዘመዱ ቢሆንም ሌላ ተክል ስለሆነ ለምች የሚሆነውን ለምግብ ከሚሆነው ጋር አያምታቱ። ስኳር ይቀንሳል እየተባለ የሚወራው በአብዛኛው ቱልሲ በሚባለው የሕንድ ቅጠል ላይ ከተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች የመጣ ነው። በጠርሙስና በካፕሱል የሚሸጠውን የበሶብላ ወይም የቱልሲ ጭማቂና ዘይት ግን እባክዎ አይውሰዱ፤ በዘይቱ ውስጥ የሚገኘው ኤስትራጎል በብዛት ሲሰጥ በአይጦች ላይ የጉበት ካንሰር አስከትሏል፣ ቱልሲም ከዋርፋሪን ጋር ተደምሮ ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል።

ስለ ፓሊዮው ራሱ ጥቂት ልበል። ሐኪሞቹ ኢተንና ኮነር ሐሳቡን በ1985 በሕክምና መጽሔት ካቀረቡት ወዲህ ብዙዎች ክብደት ቀንሰውበታል፤ ነገር ግን ጤፍንና ወተትን በአንድ ላይ መተው ዋና የካልሲየም ምንጮችን ያሳጣል፣ አዮዲን ያለውን ጨው መተውም አዮዲንን ይቀንሳል። ጾም የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና እንቁላልን ከጥራጥሬ ጋር መተው ስለሚሆን፣ ለፕሮቲን የሚተርፍልዎ እጅግ ጥቂት ነው። በእነዚያ ቀናት ምስርና ሽሮ እንዲመለሱ እመክራለሁ፤ ሲመልሱም ጎመኑና በሶብላው ስለሚለዋወጡ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ አይኤንአርዎን ያስመርምሩ።