የኋላ ኮፈን ውስጥ ውሃ ለሚቋጥርባችሁ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ክረምት ገባ። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ካደረ፣ ጠዋት ጋራዥ የሚመጣው ሰው ወሬው አንድ ነው፦ «ስኮርታ ጎማዬ (መጠባበቂያው) ሲዋኝ አደረ።» እኔ በባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ) ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሥራ የለኝም። ያላችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምነዳው ኮሮላ ነው። በዘነበ ቁጥር ስኮርታው ስር ሁለት ሊትር የሚሆን ውሃ አገኛለሁ። የኮፈኑን ጎሚኒ (የጠርዙን የጎማ ማሸጊያ) በአዲስ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎሚኒውን ሳትገዛ ብትጠይቀኝ ጥሩ ነበር። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ውሃ ግን የሚገባበትና የሚቋጥርበት ቦታ ይለያያል። ከጣሪያ ገብቶ፣ በቆርቆሮው ውስጥ ውስጡን ወርዶ፣ ስኮርታው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ዝቅ ያለው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ጉድጓዱ ምንም አላጠፋም።

መጀመሪያ ሁሉንም አውጣ። ሞኬቱን፣ ከስሩ ያለውን ካርቶን፣ ስኮርታውን፣ ክሪኩን፣ የግራና የቀኙን የፕላስቲክ ሽፋን። ቆርቆሮው ራቁቱን ይቅር። በጨርቅ አድርቀው። ከዚያ ጠመኔ ፍጭና፣ ከሌለህ የሕፃን ፓውደር፣ በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በጎኖቹና በብየዳው መገጣጠሚያ ላይ በስሱ ነስንስ። አንድ ሰው የኋላ ወንበሩን አጥፎ የእጅ ባትሪ ይዞ ይግባ። የመኪናው ቁልፍ ግን አንተ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሰውም ቁልፍም ውስጥ ተቆልፈውብን ግማሽ ቀን የሮጥንበት ጊዜ አለ።

አሁን ውሃ። በጎማ ቱቦ፣ ያለ ግፊት፣ ቀስ ብለህ። ከታች ጀምር። ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) አካባቢ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ መብራቶቹ፣ ቀጥሎ የኮፈኑ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የኋላ መስታወት፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው እየወረደ ሁሉንም ያረጥበውና ጥፋተኛው ይሰወርብሃል። ዱቄቱ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ሲወርድ ይታያል። መስመሩን ወደ ላይ ተከተለው። የሚጀምርበት ቦታ ላይ በብዕር ምልክት አድርግ። እስከዚያ ድረስ ምንም ነገር አትለጥፍ። ያየኸውን ተመልሰህ ንገረኝ።

ጥያቄ፦ ጎሚኒው ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የጋዜጣ ቁራጭ ጠርዙ ላይ አድርገህ ኮፈኑን ዝጋና ሳብ። ያዝ ካደረገው ደህና ነው፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። ዙሪያውን በየስንዝሩ ሞክር። በ10 ብር ኖት የሚሞክሩ አሉ፤ ቢቀደድ ኪሳራው የራሳችሁ ነው።

አቧራም ይናገራል። በበጋ አቧራ የገባበት ቦታ በክረምት ውሃ ያስገባል። ጎሚኒው ላይ ቡናማ የአቧራ መስመር አቋርጦ ወደ ውስጥ ከገባ አገኘኸው ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጎሚኒው ጤነኛ ሆኖ ኮፈኑ በደንብ አይጫነውም። ጥግና ጥግ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ማረፊያዎችና መቆለፊያውን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ የሚገርም ነው። ቆማ ሌሊቱን ሙሉ ቢዘንብባት ጠብ አይልም። በዝናብ ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ ግን ሞኬቱ በስብሶ ነው የማገኘው።

መልስ፦ ከሰማይ አይደለም፣ ከጎማህ ነው። የኋላ ጎማ ከአስፋልት የሚያነሳው ውሃ ከስር በኃይል ይመታል። ሁለት ቦታ እይ። አንደኛ፣ ስኮርታው ጉድጓድ ወለል ላይ ያለው የጎማ ክዳን፤ ወልቆ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፓራውልቱን ፍታው። ከጀርባው ግራና ቀኝ በፕላስቲክ የተሠራ፣ ቀጫጭን ምላስ ያለው የአየር መውጫ ታገኛለህ። በር ስትዘጋ ውስጥ የታመቀው አየር የሚወጣው በእሱ ነው። ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ ሲደርቅ ውሃ ያስገባል። ዙሪያውን አሽገው፤ ምላሶቹን ግን እንዳትደፍናቸው። ከደፈንካቸው በሩ አልዘጋ ይልሃል፣ መስታወቱም በጉም ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዝ አለችኝ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት እንኳን ኋላዋ ይረጥባል። ቤቴ የቆመች መኪና ውሃ ከየት ታመጣለች?

መልስ፦ እህቴ፣ የኋላ መስታወት ማጠቢያውን ስትጫኚ ውሃው መስታወቱ ላይ በደንብ ይረጫል? ደከም ካለ ቱቦው ተላቋል። ታንኩ ያለው ከፊት ነው፤ ቀጭኗ ቱቦ መኪናውን አቋርጣ ነው ኋላ በር የምትደርሰው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ጋ ትታጠፋለች፣ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች። ቱቦዋ ርካሽ ናት፣ አትጨነቂ። ወደ ጋራዥ ከመሄድሽ በፊት ግን የምትጭኚውን ጀሪካንም እዪው። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ስንት ሰው አስለፍቷል!

ጥያቄ፦ አንድ ጋራዥ የኋላ መብራቶቹን ዙሪያ በሙሉ በሲሊኮን ለቀለቁልኝ። ሁለት ወር ደህና ነበር፤ አሁን ብሶበታል።

መልስ፦ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር? እንደዚያ የሚሸተው ለመስኮት መስታወት እንጂ ለቆርቆሮ አይሆንም፤ አሲዱ ያዝገዋል። በዚያ ላይ ከውጭ ሲለቀለቅ፣ በሌላ በኩል የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

መብራቱ ይፈታ። ከውስጥ በጥቂት ዳዶ ነው የተያዘው። አሮጌው ሲሊኮንና የደረቀው ስፖንጅ ተፍቆ ይነሳ፤ ዝገት ካለ ይጠረግና ቀለም ይቀባ። ከዚያ አዲስ ጎሚኒ። ጎሚኒው ካልተገኘ ፖሊዩሪቴን የሚባለው የቦዲ ማሸጊያ ይሁን። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ በልክ፣ ሁሉም እኩል። የመብራቱ ፕላስቲክ ጉልበት አይችልም፤ ከተሰነጠቀ ሌላ ወጪ ነው።

ጥያቄ፦ ወለሉን በትሬፓኖ (በመሰርሰሪያ) በስቼ ውሃው ራሱ እንዲወጣ ባደርግስ?

መልስ፦ በፍጹም። አሁን ያልነውን የጎማ ውሃ በገዛ እጅህ በር ከፈትክለት። የተበሳው ጠርዝም ይዝጋል። ለጊዜው ያለውን የጎማ ክዳን ነቅለህ አፍስስና መልሰህ ግጠመው።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ባሳጠብኳት ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው። ልጨነቅ?

መልስ፦ በዝናብ ካልገባ ብዙ አትጨነቅ። የላቫጆ ግፊት ደህናውንም ጎሚኒ ያልፋል። አጣቢውን ከጠርዙ ራቅ በል በለው።

ጥያቄ፦ ውሃ አላየሁም፤ ሽታው ግን ገደለኝ።

መልስ፦ አንድ ደንበኛዬ በዚሁ ጉዳይ መጥቶ ግማሽ ቀን ውሃ ስናፈስ ዋልን። ምንም የለም። በኋላ ሞኬቱን ስገለብጠው የዓሣ ቅርፊት! ለካ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ከነበረዶው በፌስታል ጭኖ፣ በረዶው ቀልጦ ወርዷል። የአንተም እንደዚያ ካልሆነ ከሞኬቱ ስር ያለውን ስፖንጅ ጨመቅ አድርገው። ላዩ ደርቆ እሱ ለቀናት ውሃ ይይዛል። አውጥተህ ፀሐይ ላይ ካላሰጣኸው ሽቶ አያድነውም።

ጥያቄ፦ የእኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ኤሌክትሪክ ይይዘኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ትልቁ ባትሪ በአብዛኛው ከወለሉ ስር ነው፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ቱቦ ይዘህ የምትፈልገው ፍለጋም ያው ነው። ብርቱካናማ ኬብል ካየህ ግን እጅህን ሰብስብ። የረጠበ የሽቦ ሶኬት ካገኘህም ለኤሌትሪሻን ስጠው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ ኮሮላው ነኝ። ወንድሜን አስገብቼ ሞከርኩ። ፓራውልቱ ላይ ምንም የለም። የግራ መብራት ላይ ሳደርስ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። መስመሩ ከመብራቱ ታችኛ ጥግ ነው የሚነሳው።

መልስ፦ ጎበዝ! ግን ቱቦውን ገና አትዝጋ፤ ቀኙንና ጣሪያውንም ጨርስ፣ ሁለት ቦታ የሚያፈስ መኪና ብዙ ነው። መብራቱን ስትፈታው የስፖንጁን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ወንድምህንም አስወጣው።