ጓያው አበባ ሲያወጣ እረሰው

«የሩዝ ማሳዬ ላይ በየዓመቱ ዩሪያ እጨምራለሁ፤ ምርቱ ግን ከፍ አላለም። አረንጓዴ ማዳበሪያ የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል?» ብለህ ከደንቢያ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የማርሰው፣ ከርብ ወንዝ ብዙም አልርቅም። አራት ዓመት ሞክሬዋለሁ። አዎ፣ ሰብልን ገና እርጥብ ሳለ አርሶ ከአፈሩ ጋር ማቀላቀል ይሠራል። ጊዜው ካለፈበት ግን ድካም ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጊዜው አልፎብኝ ነበር። ኅዳር ላይ ሩዙን አጭደን በቀረው እርጥበት ጓያ ዘራሁ። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። ጥር ላይ ሰማያዊ አበባው ሲፈካ ላርሰው ተነሣሁ። እናቴ «ለሽሮ የሚሆን እህል ታርሳለህ? ግፍ አትፈራም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ገለባውም የበሬ ቀለብ ነው። ተውኩት። ፍሬውን ወቅተን ደረቁን ገለባ መልሼ ማሳው ላይ አረስኩት። ክረምት ላይ ሩዙ ገና በቡቃያው ቢጫ ሆነ። ለካ ናይትሮጅኑ፣ ዩሪያ ለሰብሉ የሚሰጠው ምግብ፣ ከፍሬው ጋር ወጥቷል። ደረቅ ገለባ ደግሞ ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል።

በሁለተኛው ዓመት ከእናቴ ጋር ተስማማን፤ አንዷ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) ለመሬቱ፣ የቀረው ለቤት። አንተም በአንድ ቃዳ ጀምር። ሙሉውን ማሳ እረስ አልልህም፣ ቤተሰብ መብላት አለበት።

አሁን ዋናው ነገር። አበባ ሲጀምር አንድ እግር ጓያ አውጣና ሥሩን እይ። በእጅህ አትሳበው፣ በዶማ ዙሪያውን ፈልፍለህ ከነአፈሩ አንሣው። ሥሩ ላይ የተጣበቁ ትንንሽ እንክብሎች ታያለህ። አንዷን በጥፍርህ ሰንጥቃት። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀይ ከሆነ እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር እየሳበ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል። ቀይ ስታይ በሬህን ጥመድ።

ሐረጉ ማረሻ ላይ ስለሚጠመጠም መጀመሪያ በማጭድ ቆራርጠው። የእኛ ማረሻ አፈር ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ሁለቴ መልሰህ እረስ። ዋልካው ደርቆ ሳይሰነጠቅ ጨርስ። እርጥበት ከሌለ አይበሰብስም።

ትልቁ ፈተና ልቅ ግጦሽ ነው። አጨዳ ካለቀ ከብት ሜዳውን ይሞላዋል። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋግሬ ነው ያተረፍኩት፤ አጥር ብቻውን አይበቃም።

ውኃ መሳቢያ ሞተር ካለህ ሰስባንያም አለልህ፤ እሱም እንደ ጓያ ናይትሮጅን የሚስብ ተክል ነው። ግንቦት ላይ ትዘራዋለህ፣ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ግንዱ እንጨት ሳይሆን ታርሰዋለህ። ጥሩ ከበቀለ በሄክታር 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይሰጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ መሆኑን አስብ። ግን ማሳው እስከ ሐምሌ ስለሚያዝ ሩዙን በብተና መዝራት አትችልም። ችግኝ ለብቻው አፍልተህ፣ ሰስባንያው ከታረሰ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ታዛውራለህ። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ምረጥ፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ ውኃ ያጥረዋል።

ኤንፒኤሱን፣ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ፣ ግን አትተው። አረንጓዴ ማዳበሪያ ፎስፈረስ አይፈጥርም፤ ጓያውም ራሱ እንክብል ለማውጣት ፎስፈረስ ይፈልጋል። የምትቀንሰው ዩሪያውን ነው፣ እሱንም ቀስ በቀስ። ያቺ ቃዳ በሦስተኛው ዓመት በግማሽ ዩሪያ ከጎኗ ካለችው ሙሉ ዩሪያ ከጠጣች ቃዳ እኩል ሰጠችኝ። በአራተኛው በለጠቻት። አፈሯም ተለውጧል። ድሮ እንደ ድንጋይ የሚነሣው ጓል አሁን በእጅ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። በሬዎቹም እዚያች ጋ ሲደርሱ ይቀላቸዋል።

ኅዳር ላይ ዝራ። ጥር ላይ እንክብሏን ስትሰነጥቅ ፎቶ አንሣና እዚሁ ለጥፍ፣ ቀለሟን አብረን እናያለን።