ፌራሪ ደብረ ብርሃን ላይ? ጠይቁኝ

ሰላም ነው? ዱባይ የስፖርት መኪና ጋራዥ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። የራሴ መኪና ቪትዝ ናት፣ ስለሷ አትጠይቁኝ። ሌላውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ አሮጌ ፌራሪ በላንድክሩዘር ዋጋ ይገኛል ይባላል፣ እውነት ነው?

ይገኛል። የረከሰው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ቀጣዩን ሰርቪስ ስለፈራ ነው። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን ፌራሪ ኤፍ 355 ውሰድ። የሞተር ቺንጋው፣ መኪናውን ባትነዳውም እንኳ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ እንዳለ መውረድ አለበት። 360 ሞዴና ላይ ከወንበሩ ጀርባ ባለው ክዳን ይደረስበታል። ኤፍ 430 ሲመጣ በሰንሰለት ተተካና ሰው ተገላገለ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፣ ደረሰኙንም እይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በመሪው ላይ ነው ማርሽ የሚቀየረው፣ ፍሪሲዮን የለውም አይደል?

አለው እንጂ! የሌለው ፔዳሉ ነው። በነዚህ ሞዴሎች ላይ ያለው ተራ ፍሪሲዮን ነው፣ በእግርህ ፈንታ ኮምፒውተሩ ይረግጥልሃል። ዳገት ላይ በኋላ ማርሽ ቀስ እያልክ ስትወጣ ይንሸራተትና ይቃጠላል። አንድ ደንበኛችን ከምድር ቤት ፓርኪንግ በየቀኑ ወደኋላ እየወጣ ፍሪሲዮኑን በጥቂት ወር ጨረሰውና እኛን ተቆጣ።

ጥያቄ፦ እዚህ እንደ ዱባይ ይሮጣል?

አይሮጥም። ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል። ኤፍ 430 በ490 የፈረስ ጉልበት ይሸጣል፣ እኛ ጋ 370 አካባቢ ብታገኝ ነው። ከእኛም ከፍ ያለው ጣርማ በር ላይ ይብስበታል። ቱርቦ ያላቸው ይሻላሉ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነማ ሞተሩ አየር አይፈልግም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ የሚያስብ ሰው ምርጫውም እሱው ነው።

ጎማውንም አትርሱ። የበጋ ስፖርት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ አስፋልት አይዝም። የእኛን የኅዳር ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሱ መውጣት አደጋ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያደርሳል?

ፓራውልቱን መንገድ ላይ ጥለህ ከሄድክ።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ባከራየውስ?

ይሄን ብዙ ሰው ጠየቀኝ። የሠርግ አጀብ መሄድ፣ መቆም፣ ጥሩንባ፣ ደግሞ መሄድ ነው፤ ከላይ ያልኩትን ፍሪሲዮን የሚገድለው ይኸው ነው። ሙሽሪት ቬሎ ለብሳ እዛ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ስትገባ ሁለት ሰው ይገፋታል፣ ስትወጣ ሦስት። ወንበሩም ሁለት ብቻ ስለሆነ ሹፌር ከተቀመጠ ሙሽራው በእግሩ ነው። ሚዜዎቹን ግን በቪትዝ እወስዳለሁ፣ በነፃ።