መልስ፦ የመሬት ይዞታ ደብተር እያለኝ «ማሳህ መጠለያ ውስጥ ነው» ተባልኩ

ደብተሩ ብቻውን አያድንህም። መጀመሪያ የኤረር ሸለቆ ማሳህ በእርግጥ በባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ወሰን ውስጥ መሆኑን አጣራ።

1. የማሳህን ማዕዘኖች በጂፒኤስ አስለካ።

2. የወሰኑን ነጥቦች ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በደብዳቤ ጠይቅ። መጠለያው ኦሮሚያንም ሶማሌንም ስለሚነካ የሚያስተዳድረው ፌዴራል ነው፤ ወረዳው «ችግር የለውም» ቢልህ አይበቃም።

3. ልቀቅ የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ ስትፈርም የደረሰህን ቀን ጻፍበት። የአቤቱታ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። አቤቱታው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40(4) ጥቀስ፤ ገበሬን ከመነቀል የሚጠብቀው እሱ ነው። ለከብት አርቢ 40(5) ነው።

«ዝሆን ይቅደም ወይስ ሰው» የሚለውን ለስብሰባ ተወው፤ ያንተን ጉዳይ የሚወስነው የወሰኑ መስመር ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ የማሳህና የወሰኑ ልኬቶች በአንድ ዳተም (ነጥቦች የሚለኩበት መነሻ ሥርዓት) ይሁኑ። የድሮ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም ናቸው፣ ስልክህ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው። ልዩነቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል፤ የሁለት ሄክታር ማሳ እንዳለ ወሰን ይሻገራል። የማሳህ የካርታ ዞንም (ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ክፍፍል) 38 ነው። ድሬዳዋ 37 ስለሆነች፣ ከዚያ የመጣ ቀያሽ የፋይሉን ዞን ሳይቀይር ከቀረ ነጥብህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። ይሄኛውስ ወዲያው ይታያል፤ የሚያታልለው የ200 ሜትሩ ነው።