ጥያቄና መልስ፦ ቤትንና ማዕድን ማሳመር ከንቱ ውዳሴ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገርን አሳምሮ ማቅረብ እወዳለሁ። የአዘቦት ቡና ሲሆን እንኳ ቄጠማ እጎዘጉዛለሁ፣ ረከቦቱን በጠለፍኩት ጨርቅ አለብሳለሁ፣ ከግቢዬ ቡገንቪላ ቆርጬ በብርጭቆ አስቀምጣለሁ። ይህን ሳደርግ ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔርንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር የገብርኤል ጽዋ ማኅበር ተራ ደርሶኝ ቤቱን በአበባና በሻማ አሳምሬ ማኅበርተኞቹን ተቀበልኩ። አንዲት የማኅበራችን እናት ግን «ይህ ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ለነዳያን ቢሰጥ አይሻልም ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ኃጢአት ነው? በጾም ወራትስ ይገባል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት አይደለም። ልብሽ ሲሸማቀቅ እንዳይቆይ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እነግርሻለሁ። ሆኖም እናታችን ያነሡት ጥያቄ በወንጌልም የተነሣ ነውና ችላ ብለን አናልፈውም።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31ን አንብቢ። እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ባለ እጅ ነበር። ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ በጥበብ ልባቸው የተነሣሣ ሴቶች ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ቀዩን፣ የፍየሉንም ጠጕር በእጃቸው እንደ ፈተሉ ተጽፏል። ይህ ሁሉ የሆነው ሕዝቡ በምድረ በዳ፣ በድንኳን ሲኖር ነው። አገር እስክንገባ፣ ኑሮ እስኪደላደል ይቆየን አላሉም። እንዝርት የያዘችው እጅ እንዲህ ከተከበረች፣ ያንቺም መርፌና ክር ከጸጋው ውጭ አይደለም።

ከዚህም ይልቅ ዘመነ ጽጌን እንድታስቢ እወዳለሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን በአበባ ትዘምራለች። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ያመሰግናሉ። የሚታሰበው ግን ስደቷ ነው። ሕፃኗን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ መሸሿ፣ ረኃቧና ጥሟ፣ የበረሃው ሐሩር ነው። ብዙ ምእመናንም በፈቃዳቸው ይጾሙታል። ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። አባቶቻችን ያንን ወራት በኀዘን ልብስ ብቻ ሊያሳልፉት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ክረምቱ አልፎ ምድር የምታበቅለውን ቀለም ሁሉ ሰብስበው ለስደተኛይቱ እናት አቀረቡላት። እንግዲህ ማሳመር የደላው ሰው ሥራ ነው የሚልሽን አትቀበዪ። በድሬዳዋ ሙቀት የብርጭቆ አበባ ውሎ አያድርም ይሆናል። ጌታ ግን ተመልከቱ ብሎ ያሳየን፣ ከሰሎሞንም ክብር ያስበለጠው ዛሬ ያለውን ነገም ወደ እቶን የሚጣለውን ነው (ማቴ. 6፥28-30)።

የምትኖሪበትም አገር ይህን ያውቃል። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ምእመን ስለቱን ሲያስገባ ከያዘው መካከል ሻማና ያጌጠ ጥላ አለ፤ ምስጋናው ዓይን ይስባል፣ ማንም አይነቅፈውም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ጎረቤቶቻችንን ቤት ብታዪም በግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ይቀበለዋል።

አሁን ወደ እናታችን ቃል እንምጣ። በቢታንያ አንዲት ሴት የከበረ ሽቱ በጌታ ራስ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ «ለድሆች ሊሰጥ በተቻለ ነበር» ተብላ ተነቅፋለች። በዮሐንስ ወንጌል ተናጋሪው ይሁዳ ነው። ይህን ይዘሽ ግን ለእናታችን መልስ እንዳትሰጪ፤ በማቴዎስ ወንጌል እንዲህ ብለው የተቆጡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸውና። ለድሃ ማሰብ መልካም ነው። ጌታ «መልካም ሥራ ሠርታልኛለች» ብሎ ስለ ሴቲቱ ሲናገር፣ ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው፣ በወደዳችሁ ጊዜ በጎ ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ ብሎ ሥራውን ለእኛ ትቶልናል (ማር. 14፥6-7)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበርን በደጅ በብርድና በዕርቃን የቆመውን እንዳንተወው አጥብቆ አስተምሯል። ጌጡን አልከለከለም፤ ድሃው እንዲቀድም አዘዘ እንጂ።

ስለዚህ አስቀድመሽ ለነዳያን አውጪ። ስታወጪም የተረፈውን በፌስታል ጠቅልለሽ አይሁን፤ ለማኅበሩ መሪ ለሙሴው እንደምታቀርቢው አሰናድተሽ፣ በንጹሕ ሳህን፣ እጅ አስታጥበሽ አቅርቢላቸው። ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ እንድትይዥው እለምንሻለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጥ ነዳይ ቁራሽ የሚሰጠው አያጣ ይሆናል፤ አክብሮ፣ አሳምሮ የሚያቀርብለት ግን ጥቂት ነው። የተሰጠሽ እጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ከንቱ ውዳሴ መግባት አለመግባቱን ደግሞ ራስሽን ጠይቂ። እንግዳ በማይመጣበት ቀን ለባለቤትሽና ለልጆችሽ ታደርጊዋለሽ? ያላመሰገነሽ ሰው ሲኖር ትቀየሚያለሽ? ካንቺ ቀጥሎ ጽዋውን የምትረከበው እኅት አቅሟ አነስተኛ ከሆነ፣ ያንቺን አይታ በቤቷ እንዳታፍር ዝግጅትሽን ዝቅ አድርጊላት። ለዚህ ብለሽ መበደር ፈጽሞ አይገባም፤ የግቢሽ አበባና የእጅሽ ጥልፍ ይበቃል። ስለ ቡናው አንድ ነገር ልጨምር። ቄጠማው ለእንግዳ ክብር ከሆነ፣ ዕጣኑም ቤቱን ለማሸተት ከሆነ ነቀፋ የለበትም። ለቤቱ ቆሌ ወይም ለአድባር ተብሎ የሚጎዘጎዝና የሚጨስ ከሆነ ግን ባዕድ አምልኮ ነው፤ ይህን ከልማድ የሚያደርጉ ምእመናን ስላሉ ለጎረቤቶችሽም በፍቅር ንገሪያቸው።

በጾም ወራት ቤትሽን ንጹሕና ያማረ አድርጎ መያዝ አልተከለከለም፤ ልኩን ከቤተ ክርስቲያን ተማሪ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ ዜማው በመቋሚያ ይዘመማል፤ ውበቱ አልጠፋም፣ ረጋ ብሏል እንጂ። አንቺም እንዲሁ ቀነስ አድርጊ። ሆሣዕና ሲደርስ ልጆችሽ ከዘንባባው ቀለበትና መስቀል ይሥሩ፤ በሰሙነ ሕማማት ግን ጌጡን ሁሉ አንሥተሽ ለስግደትና ለጸሎት የሚሆን ቦታ ብቻ አዘጋጂ።

እናታችንንም አትቀየሚያቸው። ጽዋው ወደ እርሳቸው ቤት ሲደርስ ቀደም ብለሽ ሂጂና አግዣቸው፤ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚወዱ ጠይቀሽ እርሳቸው ያሉሽን ብቻ አድርጊ።