ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም

ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ አንዲት እናት ጽፋልኛለች። ለልጇ 10ኛ ዓመት ልደት የ40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ገዛችለት። ውሃ ከገባበት 4 ወር ሆኖታል። ክላውንፊሽ የሚባሉት ሁለት ዓሦች ደህና ናቸው። ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት የባሕር እንስሳት፣ ኮራሎቹ፣ ግን አንድ በአንድ እየከዷት ነው። ሃመር የሚባለው ኮራል ሁለት ወር ሙሉ ተከፍቶ ሲወዛወዝ ቆይቶ አሁን ተኮማትሮ አጽሙ ውስጥ ገብቷል። ዞዋንተስ ከሚባሉት አበባ መሳይ ትናንሽ ኮራሎች ከሦስት አንዱ ብቻ ይከፈታል። ከሦስት ሳምንት በፊት በ80 ዶላር የገዛችው አክሮፖራ የሚባል ኮራል ከሥሩ ጀምሮ ነጥቷል። አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ተነጥፏል። የምትጠቀመው ክሎሪን ማጥፊያ የገባበት የቧንቧ ውሃ ነው፤ ጨዋማነቱን የምትለካው ደግሞ የውሃውን ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚያነጻጽር የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ሲሆን ሁልጊዜ 1.024፣ ማለትም ከንጹሕ ውሃ 1.024 ጊዜ የሚከብድ፣ ያሳያታል። «በየቀኑ የጎደለውን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ እሞላለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ውሃ እለውጣለሁ፣ ሻጩ ያዘዘልኝን ሦስት ጠርሙስ ማዕድንም እጨምራለሁ። ጋሼ፣ ምን አጎደልኩ? ልጄ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ፤ «የጎደለውን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ እሞላለሁ» ያልሽው ላይ። አኳሪየም የሚጎድለው በትነት ነው፤ የሚተነው ደግሞ ውሃው ብቻ ነው። ወጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሲንተከተክ ውሎ መረቁ ሲያልቅ ጨው ጨው እንደሚል ታውቂያለሽ። እሱን ለማለዘብ ጨው ያለበት ውሃ የሚጨምርበት ሰው የለም። አኳሪየምሽ ላይ ግን አራት ወር ሙሉ የሆነው ይኸው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ስለሚደርቅ የአንቺን የሚያህል ክዳን የሌለው አኳሪየም በቀን 1 ሊትር ቢተን አያስገርምም። 1 ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በየቀኑ 35 ግራም ስትጨምሪ በወር ከ1 ኪሎ ያልፋል፤ ለ150 ሊትር ሲካፈል በእያንዳንዱ ሊትር 7 ግራም ትርፍ ጨው ማለት ነው። ውሃ ስትለውጪ ከፊሉ አብሮ ይወጣል፤ በዳር በዳር የሚረጨውና የሚደርቀውም አለ። ቢሆንም ከ35 ተነስቶ 40 እና ከዚያም በላይ ለመድረስ አራት ወር ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ መለኪያው ለምን 1.024 አለ? ያ የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ውስጥ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ክንድ አለችው። ክንዷ ላይ ጨው ሲደርቅባት ትከብዳለች፤ ስትከብድ ከእውነተኛው ቁጥር በታች ትቆማለች። የአየር አረፋ ከተለጠፈባት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ትላለች። አንድ ደንበኛዬ ቤት በእንዲህ ያለው 1.024 የተነበበውን ውሃ በእኔ ሪፍራክቶሜትር፣ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ በሚታጠፍበት መጠን ጨዋማነቱን በሚያሳየው መሣሪያ፣ ስለካው 1.031 ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህ በሊትር 41 ግራም ጨው አካባቢ ነው። ስለዚህ ሌላ ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ሪፍራክቶሜትር ግዢ፤ ከአክሮፖራው ዋጋ በታች ታገኚዋለሽ። ከእሱ ጋር 35 ተብሎ የተጻፈበትን ማስተካከያ ፈሳሽም ግዢ። በንጹሕ ውሃ ብቻ አታስተካክዪው፤ ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ እኛ የሚያስፈልገን ደግሞ 35ቱ ነው። በዚያ መሣሪያ ላይ 1.026 የሚለው መስመር 35 ማለት ነው።

ዓሦቹ ምንም አለመሆናቸው እንዳያዘናጋሽ። ዓሣ በኩላሊቱና በስንጥቡ ትርፉን ጨው ያስወጣል። ኮራል ይህ የለውም፤ የሰውነቱ ጨዋማነት በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል ነው፤ ውሃው ሲለወጥ እሱም ሳይወድ ይለወጣል። መቼም «የእኛው ቀይ ባሕርስ ከአብዛኛው ባሕር ይበልጥ ጨዋማ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በደቡብ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ 37 ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲሄድ እስከ 41 ይደርሳል፤ ኮራሉም ያማረ ነው። ግን እዚያ ያለው ኮራል ከትውልድ ትውልድ በዚያ ውሃ የኖረ ነው። የአንቺው በ35 አድጎ ነው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 41 የተወሰደው።

እንበልና ለክተሽ 41 አገኘሽ። በአንድ ቀን ልታስተካክዪው አትሞክሪ፤ ኮራልን ከጨው ብዛት ይልቅ ድንገተኛ መውረድ ቶሎ ይገድለዋል። በቀን ከ1 ግራም በላይ አታውርጂ። ለ150 ሊትር ይህ ማለት በየቀኑ 3.5 ሊትር ከአኳሪየሙ ቀድተሽ በእሱ ምትክ ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ማስገባት ነው፤ በ7 ቀን 35 ላይ ትደርሻለሽ። ንጹሑን ውሃ ፓምፑ አጠገብ ቀስ እያልሽ አፍስሺው እንጂ ኮራል ላይ አትድፊው። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የውሃውን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጊበት። ውሃው ከምልክቱ በታች በወረደ ቁጥር የሚሞላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ጨው የሚበጠበጠው ለምትለውጪው ውሃ ነው፤ እሱንም በባልዲው ሳለ ለክተሽ። ይህን የምልክቱን ሥራ ለልጅሽ ስጪው፤ የ10 ዓመት ልጅ ከትልቅ ሰው በተሻለ ይጠነቀቅለታል።

ንጹሕ ውሃ ስል የቧንቧውን ማለቴ አይደለም። የአርሊንግተን ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ በዋሽንግተን አኩዊደክት የሚጣራ ነው። የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ደግሞ መስመሮቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎራሚን የክሎሪንና የአሞኒያ ጥምረት ነው። ርካሹ ማጥፊያ ክሎሪኑን ሲሰብረው አሞኒያው ይቀራል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ከቧንቧዎች እርሳስ እንዳይሟሟ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመርበታል። ለሰው ጤና ትልቅ ጥቅም ነው፤ አኳሪየም ውስጥ ሲገባ ግን የአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። ከአሮጌ ቧንቧ የሚመጣ መዳብም አለ፤ እሱ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። አሸዋሽ ላይ የተነጠፈው ቡናማ ነገር በአብዛኛው ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ የሚመገበው በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ሲሊኬት ነው። ውሃሽን ስትቀይሪ እሱም ይመናመናል፤ መድኃኒት አትግዢለት።

የሚያስፈልግሽ አርኦዲአይ የሚሉት፣ ውሃውን በስስ ሽፋንና በሬዚን አሳልፎ የሟሟውን ነገር ከሞላ ጎደል የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። ስትገዢ ለክሎራሚን የተሠራ የካርቦን ማጣሪያ እንዳለው ጠይቂ፤ ተራው ካርቦን ለእኛ አካባቢ ውሃ አይበቃም። በመጨረሻ የሚወጣው ውሃ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳየው የቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ከፍ ማለት ሲጀምር የማጣሪያው ሬዚን አልቋል ማለት ነው። ለአሁኑ ማጣሪያ መግዛት ከከበደሽ አኳሪየም የሚሸጡ ሱቆች ይህንን ውሃ በጋሎን ይሸጣሉ፤ ከግሮሰሪ የተገዛ ዲስቲልድ ውሃም ይሠራል።

ሦስቱን ጠርሙሶች ደግሞ ዛሬውኑ አቁሚ። ካልሲየም፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) እና ማግኒዢየም ኮራል አጽሙን የሚገነባባቸው ናቸው፤ ክፉ ነገር አይደሉም። ግን ያልለኩትን መጨመር በጨለማ መንዳት ነው። ጥቂት ኮራል ያለበት አዲስ አኳሪየም የሚወስደው ማዕድን ትንሽ ስለሆነ በውሃ ለውጡ የሚገባው ይበቃዋል። እኔ ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የራሴ አኳሪየም አልካሊኒቲ በመለኪያው፣ በዲኬኤች፣ 7 ሆኖ አገኘሁትና በአንድ ማታ 11 አደረስኩት። ሲነጋ የአክሮፖራዎቹ ጫፍ በሙሉ ተቃጥሎ ነጭ ሆኖ ነበር፤ በሳምንቱ ሥጋቸው ተላጦ አለቀ። ቁጥሩ 7 ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ አንዳቸውም አይሞቱም ነበር፤ የተፈጥሮ ባሕር አልካሊኒቲም 7 አካባቢ ነው። ያን ቀን ያጣኋቸውን እስከ አሁን አስባቸዋለሁ፤ ለዚህ ነው ስለ ጠርሙስ ሲነሳ የምጠነክረው።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ በሚነከረው የመለኪያ ወረቀት ፈንታ ጠብታ የሚቆጠርበት መለኪያ ገዝተሽ አልካሊኒቲውን በሳምንት ሁለቴ ለኪ። ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች ባለው መካከል የትም ቢሆን፣ እዚያው ይቆይ። ካልሲየም በሊትር 400 እና 450 ሚሊግራም መካከል፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ከሆነ ሌላ ነገር አትነካኪ። ናይትሬቱን ዜሮ ለማድረግም አትድከሚ። በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ቢኖር ኮራሎቹ ይወዱታል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ሙልጭ ብለው የጠፉበት ውሃ ውስጥ ኮራል ይገረጣል፣ ከዳያተም የከፋ አተላም ይወርሰዋል።

አክሮፖራውን በአጉሊ መነጽር እዪው። ነጩ ቦታ ላይ ጥቃቅን አፎቹና ስስ ሥጋው ከታዩ ቀለሙን ነው ያጣው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትና በብርሃን ምግብ የሚያበስሉለት አልጌዎች ለቀውታል እንጂ ገና በሕይወት አለ። ባዶ አጽም ብቻ ከሆነ ግን ያ ክፍል ሞቷል። ከሥር የጀመረ መንጣት በብዛት የሥጋ መላጥ ነው። ጤነኛው ጫፍ ከተረፈ ከነጩ በላይ ቆርጠሽ ሱቁ የሚቀበልሽ እንደሆነ ስጪ። አክሮፖራ የአራት ወር አኳሪየም ኮራል አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየና ቁጥሩ የማይዋዥቅ ውሃ ይፈልጋል። ይህን ሳይነግርሽ የሸጠልሽ ሰው በድሎሻል።

ሃመሩ ግን የመዳን ተስፋ አለው። አትንኪው፣ ቦታውን አትቀያይሪ፣ ተዘግቶ ሳለ አትመግቢው። ውሃው እንደ ቀስታ ንፋስ ያወዛውዘው እንጂ የፓምፑ ፊት ለፊት አይሁን። መብራትሽን ግማሽ ያህል ቀንሺና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ መልሺው። ማታ ረጅም ክር አውጥቶ ጎረቤቶቹን ስለሚነድፍ በዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተዪለት። በየቀኑ አሽትተሽ እዪ፤ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይዞ ከሸተተ በሽታ ነው፤ የታመመውን ቅርንጫፍ በዚያው ሰዓት ከአኳሪየሙ አውጪ፣ ቶሎ ወደ ሌላው ይዛመታል።

ዞዋንተሶቹን በተመለከተ የምነግርሽ ለኮራሉ ሳይሆን ለአንቺና ለልጅሽ ነው። አንዳንዶቹ፣ በተለይም ዘመዳቸው ፓሊቶዋ፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ይይዛሉ። የተቀመጡበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለሽ በጭራሽ አትቀቅዪው፣ የፈላ ውሃም አታፍስሺበት፤ በእንፋሎቱ መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባባቸው ጊዜያት አሉ። ድንጋዩን አትፈግፍጊ። ስትነኪያቸው ጓንትና መነጽር አድርጊ፤ ልጅሽ ውሃውን ይሙላ፣ ምግብ ይስጥ፣ እጁን ግን እነሱ አጠገብ አያስገባ።

ሪፍራክቶሜትሩ ሲደርስሽ የመጀመሪያውን ቁጥር ላኪልኝ። 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያልኩሽን የየቀኑን ለውጥ ጀምሪ፣ 35 ላይ ስትደርሺ አቁሚ፤ ዞዋንተሶቹ ቀድመው ይከፈታሉ፣ ሃመሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ከ37 በታች ከወጣ ግን ግምቴ ተሳስቷልና ውሃውን ሳትነኪ የአልካሊኒቲውን ቁጥርና የጠርሙሶቹን ፎቶ ላኪልኝ፤ ከዚያ እንጀምራለን።