የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ቧንቧው በየት በኩል ይለፍ?

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ቤት በመሥራት ላይ ያሉ ወይም ለመሥራት የተዘጋጁ አንባብያን ስለ ውሃ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ መብራትና ስለ አየር መተላለፊያ የጠየቋቸውን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል። መልሱን የሰጡት የዓምዱ አርክቴክት ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ጂ+2 መኖሪያ ቤት እያሠራሁ ነው። የመጀመሪያው ፎቅ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ሊሞላ ፌሮው ታስሮ ሳለ የሳኒተሪ ሠራተኛው መጥቶ የላይኛው መታጠቢያ ቤት በሳሎኑ መካከል አናት ላይ ስለሚያርፍ ፍሳሹ የሚወርድበት መንገድ እንደሌለ ነገረኝ። ኮንትራክተሩ ቢሙን (ሶሌታውን የሚሸከመውን የኮንክሪት አግዳሚ) በስተን ቧንቧውን ወደ ውጭ እናውጣው፣ ካልሆነም በኮለኑ (በኮንክሪት ምሰሶው) ውስጥ እናውርደው ይላል። የቱን ልቀበል? የአርክቴክቸሩም፣ የስትራክቸሩም፣ የሳኒተሪውም ፕላን ተሟልቶ ፈቃድ አግኝቼበት ሳለ ይህ ችግር ከየት መጣ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይቀበሉ፤ ይህ ጉዳይ ሳይቋጭም ሶሌታው አይሞላ።

በኮለን ውስጥ ቧንቧ ማውረድ በከተማችን የተለመደ በመሆኑ ብቻ ትክክል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ኮለንዎ 20 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል ስፋቱ 800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 110 ሚሊ ሜትር የሆነው የሽንት ቤት ቧንቧ ከዚህ ውስጥ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 12 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የአሜሪካ የኮንክሪት ደንብ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የላይኛው ወሰን 4 በመቶ ነው። ከዚህም ሌላ በሁለቱ ጎኖች ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት፣ ስታፋው (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) እና ዋናው ፌሮ ከ20ው ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቀነሱ በመካከል የሚተርፈው ክፍተት 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሠራተኛው ቧንቧውን ለማስገባት ፌሮውን ወደ ጎን መግፋቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ኮለኑ መሐንዲሱ ያሰላው ኮለን መሆኑ ቀርቷል። ቧንቧው ከዓመታት በኋላ ቢያፈስ ደግሞ ለመጠገን የቤቱን ምሰሶ መስበር ሊኖርብዎ ነው።

ቢሙን መብሳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው አልልም። ለቀጭን የውሃ ቧንቧ የስትራክቸር መሐንዲሱ ቦታውን መርጦ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ማሳለፊያ ቱቦ ማስቀመጥ ይቻላል። የ110 ቧንቧ ግን ከ40 ሴንቲ ሜትር የቢም ቁመት ላይ ከሩቡ በላይ ይወስዳል፤ ጉዳዩንም ይበልጥ የሚያከብደው ቀዳዳው ወደ ኮለኑ መቅረቡ፣ ማለትም ቢሙን የሚቆርጠው ኃይል በሚበረታበት ቦታ ላይ ማረፉ ነው። ይህ ኮንትራክተር በቦታው ላይ ቆሞ የሚወስነው ነገር አይደለም።

ቧንቧው ከሶሌታው ሥር ተንጠልጥሎ ይሂድ ቢባልስ? ፍሳሹ ደረቅ ነገሩን ይዞ እንዲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይኖርበታል። እስከ ውጭው ግድግዳ 6 ሜትር ቢሆን በ2 ሴንቲ ሜትር ሒሳብ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ የቧንቧው ውፍረትና የማጠፊያው ክርን ሲታከሉበት 25 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። መንገድ ላይ ቢም ካለ ደግሞ በቢሙ ሥር መውረድ ግዴታ ስለሚሆን የሳሎንዎ ጣሪያ በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ኮርኒስ ይሸፍነዋል ይሉዎታል፤ ይሸፍነዋል እርግጥ ነው፣ የውሃው ድምፅ ግን እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ከአናት በላይ መሰማቱ አይቀርም።

እኔ የምመክርዎ መታጠቢያ ቤቱን ማዛወር ነው። ሶሌታው ገና ስላልተሞላ የሚቀየረው በወረቀት ላይ ያለ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያው ፎቅ ላይ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ዕቃ ቤት ወይም የልብስ ክፍል ካለ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጡ፤ ከምድር ቤቱ ወጥ ቤት ወይም ሽንት ቤት አናት ላይ ቢያርፍ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው፤ የሁሉም ፍሳሽ በአንድ ሻፍት (ከላይ እስከ ታች ለቧንቧ በተተወ ጠባብ ክፍተት) ይወርዳልና። የሻፍቱ ውስጥ ከ40 በ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን፣ በየፎቁም የሰው እጅ የሚያስገባ መክፈቻ በር ይኑረው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳና የወለሉ ሙሌት ክብደት ስላለው ዝውውሩን መሐንዲሱ ማየትና መፈረም ይገባዋል። ሶሌታውን በመታጠቢያ ቤቱ ሥር ዝቅ አድርጎ መሙላት የሚባለውም ዘዴ አለ፤ እኔ ብዙ አልወደውም፣ ምክንያቱም ዝቅታውን ለመድፈን በሚገባው ሙሌት ውስጥ ቧንቧው ሲያፈስ ውሃው ለወራት ሳይታይ ይጠራቀማል።

ችግሩ ከየት መጣ ላሉት፣ እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። አርክቴክቱ ክፍሎቹን ደለደለ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ ቢምና ኮለኑን አስቀመጠ፣ ሳኒተሪውን የሠራው ባለሙያ ደግሞ በተጠናቀቀ ፕላን ላይ ቧንቧውን በእርሳስ ውፍረት አሠመረ። በወረቀት ላይ መስመር ውፍረትም ቁልቁለትም የለውም፤ ስለዚህ ቢሙን አቋርጦ ሲያልፍ ማንም አይከለክለውም። ሦስቱን ወረቀቶች አንዱን በሌላው ላይ አንጥፎ ያየ ሰው ባለመኖሩ ግጭቱ የታየው ፌሮው ከታሰረ በኋላ ነው። ስለዚህ ከባለሙያዎችዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ተቆርጦ ሶሌታውን፣ ቢሙንና ቧንቧውን ከነልካቸው የሚያሳይ አንድ ስዕል፣ እንዲሁም በሶሌታው ላይ ክፍት የሚተዉ ቀዳዳዎች በሙሉ ቦታቸውና ስፋታቸው የተጻፈበት ሌላ ስዕል። ኤሌክትሪሺያኑም ከሙሌቱ በፊት መጠራት አለበት፤ የጣሪያ መብራቶቹ የሽቦ ቱቦዎች የሚቀበሩት በዚያው ሶሌታ ውስጥ ነውና።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምኖር ስሆን ወላጆቼ የሚኖሩበትን ቤት አዲስ አበባ ላይ ለማሠራት አስቤ ከኢንተርኔት አንድ የአሜሪካ ቤት ፕላን ገዝቻለሁ። አዲስ አበባ ያለው መሐንዲስ ግን እንዳለ ልሠራው አልችልም ይለኛል። ሥራ ለማብዛት ነው ወይስ እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው። የክፍሎቹን አቀማመጥ መዋስ ይቻላል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደውን ግን መዋስ አይቻልም።

እርስዎ በሚኖሩበት አገር አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚሠራው በእንጨት ማገር ሲሆን፣ በሁለቱ የግድግዳ ፊቶች መካከል 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ የፎቁ ወለልም ከሥሩ ክፍት ነው። ቧንቧው፣ ሽቦውና የአየር ቱቦው በዚያ ባዶ ቦታ እንደልብ ይመላለሳሉ። በእኛ አገር ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ቀድሞ ቦታ ያልተተወለት ቧንቧ የሚያልፈው ግድግዳው በመሮ ተቦርቡሮ ነው። የ110 ቧንቧ በ15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጥ ከተቀበረ ከግድግዳው የሚቀረው ልስን ነው ማለት ይቻላል።

የአሜሪካው ፕላን መስኮት የሌላቸውን መታጠቢያ ቤቶች በቤቱ መካከል የሚያስቀምጠው አየሩን በማሽን ስለሚያወጣ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ስለሚቆም አዲስ አበባ ላይ እያንዳንዱ መታጠቢያ ቤት ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ቢኖረው ይመረጣል። የከተማዋ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ የሚሻ መኖሪያ ቤት አላውቅም፤ ፕላኑ ለእርሱ የያዘውን ቦታ ለሌላ ይጠቀሙበት።

ለሌላ ያልኩትም በፕላኑ ውስጥ ጨርሶ የማያገኙት ብዙ ነገር ስላለ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምድር ታንከር፣ ፓምፕና የጣሪያ ታንከር ያስፈልጋል። ግቢው የከተማው የፍሳሽ መስመር ካልደረሰው ሴፕቲክ ታንክ መቆፈር ይኖርበታል፤ የሚመጥጠው መኪና ቱቦ እንዲደርስም ወደ በሩ መቅረብ አለበት። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የሚልኩት ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ እዚህ አይሠራም። ወጥ ቤቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከሳሎን ጋር የተያያዘው ክፍት ወጥ ቤት በፎቶ ያምራል፤ ሽንኩርት ሲቁላላና እንጀራ ሲጋገር ግን ሽታውና እንፋሎቱ መጋረጃው ላይ ይቀራል። እናትዎ የሚጋግሩበት፣ ቢያንስ አንድ የውጭ ግድግዳ ያለው፣ ከጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ የተከፈተለት ሁለተኛ ወጥ ቤት ያሠሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ከቦርዱ የሚነሳ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው እንጂ ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ሶኬት መስመር አይያያዝ። ቡና በከሰል የሚፈላ ከሆነም የሚፈላበት ክፍል ሙሉ በሙሉ እንዳይታፈን ከላይም ከታችም የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይተውለት፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ወላጆችዎ ስለሆኑ ደግሞ አንድ መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ከምድር ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሦስተኛው ወለላችን ላይ ሻወሩ በደካማ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ ያለውን የ2,000 ሊትር ሮቶ በ5,000 ብንቀይረው ይሻሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይሻሻልም። የውሃ ግፊት የሚመጣው ከታንከሩ ትልቅነት ሳይሆን ከከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ታንከርዎ ከሻወሩ ራስ በላይ 2 ሜትር ላይ ከሆነ የሚያገኙት 0.2 ባር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ላይም ቧንቧውና ክርኖቹ ይቀንሳሉ። ምድር ቤት ያሉት ቤተሰቦች የማያማርሩትም ለዚህ ነው። ለላይኛው ወለል ብቻ የተለየ መስመር አውጥተው በዚያ ላይ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ቢያስገቡ ይበቃዎታል። የ5,000 ሊትሩ ታንከር ሲሞላ 5 ቶን እንደሚመዝን አይርሱ፤ መሐንዲስ ሳያይ ከሶሌታው መካከል ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ቦታው ከኮለኖች አናት ላይ ነው። ውሃ ሳይመጣ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈልጉ ካወቁ የሚበቃዎትን መጠን ማስላት ቀላል ነው፦ ለ6 ሰው፣ በቀን በነፍስ ወከፍ 80 ሊትር ቢያዝ፣ ለ3 ቀን 1,440 ሊትር ነው። ያለዎት ይበቃል።

ጥያቄ፦ የተከራየነው አፓርታማ መታጠቢያ ቤት መስኮቱ ወደ ሻፍት ይከፈታል። በየቀኑ ብናጸዳውም ይሸታል፤ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ባለው፣ ብዙም ውሃ በማይገባበት ማፍሰሻ አንድ ባልዲ ውሃ ይድፉበት። ሽታው ከጠፋ በሲፎኑ (ከማፍሰሻው ሥር ባለው ጎባጣ ቧንቧ) ውስጥ ሆኖ ሽታውን የሚያግደው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ መፍትሔው ነው። ካልጠፋ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ሽንት ቤታቸውን ሲለቁ ያዳምጡ። ማፍሰሻው ጎር ጎር የሚል ድምፅ ካሰማ ወራጁ ቧንቧ መተንፈሻ ስለሌለው የእርስዎን ሲፎን እየመጠጠ ባዶ ያደርገዋል። ይህን የሚያስተካክለው የሕንፃው ባለቤት ነው፤ ዋናው ወራጅ ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ አፉ ክፍት መሆን ነበረበት። እዚያው ሲወጡ የሻፍቱ አናት ለዝናብ ተብሎ በቆርቆሮ ተደፍኖ እንደሆነ ይዩልዎት፤ ከላይ የተዘጋ ሻፍት አየር አያወጣም፣ የአንዱን ቤት ሽታ ለሌላው ያደርሳል እንጂ።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን በቀንም መብራት ይፈልጋል። ገና በፕላን ላይ ነን፤ መስኮቶቹን ወዴት እናዙራቸው?

መልስ፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ በጥቂቱ ወደ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮቶችን አጭር የጣሪያ ክንፍ ይጠብቃቸዋል፤ የምሥራቅና የምዕራቡን ግን ዝቅ ብላ የምትገባው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ከክንፉ ሥር አልፋ ታሞቃቸዋለች። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመስኮቱ አናት ቁመት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ የመስኮትዎ አናት 2.10 ሜትር ላይ ከሆነ ከ5 ሜትር በላይ የጠለቀ ሳሎን በስተኋላው ይጨልማል። መስኮቱን ወደ ጎን ከማስፋት ወደ ላይ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው። የጣሪያ መብራቶቹንም ከመስኮቱ ጋር ትይዩ በሆኑ ረድፎች አሰልፈው እያንዳንዱን ረድፍ በራሱ ማጥፊያ ያስይዙ፤ ያን ጊዜ ቀን ላይ የሚበራው የኋለኛው ረድፍ ብቻ ይሆናል። ማጥፊያዎቹ የሚቀመጡት በሩ በሚከፈትበት በኩል ነው፤ አናጺው የበሩን አከፋፈት በኋላ ከቀየረ ግን ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ ስለሚውል፣ የበሮቹ አከፋፈት ኤሌክትሪሺያኑ ቱቦ ከመቅበሩ በፊት መወሰን አለበት።